ጎማ የሚመረጠው ለቁልቁለት ነው

«ቲቸር ስመኝ፣ ጋሼ አረፉ አሉኝ። እውነት ነው?»

ከባሕር ዳር የደወለችው ጥሩወርቅ ነበረች። እውነት መሆኑን ነገርኳት። ከዚያ «ለሣልስቱ እደርሳለሁ። ብስክሌቱን ይዤ ነው የምመጣው» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ለቅሶ ቤት ብስክሌት ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅኳትም። በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ በለቅሶው መሀል ይሳብ እንደነበር ሰምተን ነው ያደግነው። ጋሼ አስናቀው ፈረስ አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ የውድድር ብስክሌት ነው፤ እሱንም በሕይወት እያሉ ለሰው ሰጥተውታል።

ጋሼ አስናቀው እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ የስፖርት መምህር ነበሩ። እኔ አማርኛ ስለማስተምር በመምህራን ማረፊያው ወንበራችን ጎን ለጎን ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ ራሰ በራ፣ ያለ ባርኔጣ የማይታዩ፣ ትሕትና የሚባል ነገር ያልፈጠረባቸው ሰው ነበሩ። ላማቸው ፈልጌ አይደለም፤ እሳቸውም ቢሰሙኝ ይስቁ ነበር። ትውልዳቸው ስማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ነው። «የወገዳን መንገድ ችሎ የወጣ ጎማ ቀጥታ ገነት ይገባል» ይሉ ነበር። የሚያወሩት ስለ ራሳቸው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ልጅ ሳሉ ድጓ ሊማሩ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገብተው ነበር። ለምስክር ሳይበቁ ወደ አስኳላ ኮበለሉ። ዜማው ግን ከጆሯቸው አልወጣም። የቆመ ብስክሌት ካዩ ማለፍ አይችሉም፤ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስተው ያሽከረክሩታል፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው እየመቱ ያዳምጣሉ። ባለቤቱ ሌባ መስሎት ከሱቅ እየሮጠ ሲወጣ፣ ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ይቺን ስማ። ሌሎቹ ግዕዝ ሲያዜሙ እሷ ብቻዋን ዕዝል ትላለች። ላልታለች፤ ማኅበር የምታፈርስ ሽቦ ናት» ይሉታል። ከኪሳቸው ትንሽ መፍቻ አውጥተው ጠበቅ ያደርጓትና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ምስጋና እንኳን አይጠብቁም፤ ምስጋናውን አስቀድመው ለራሳቸው ሰጥተዋልና።

አንድ ቀን አንድ መሪጌታ ይህን ሰምተው ቆሙ። «አስናቀው! የቅዱሱን ዜማ በብረት ላይ ታወርደዋለህ?» አሉ ተቆጥተው።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡና «የኔታ፣ ጽናጽሉስ ከምንድን ነው የተሠራው?» አሏቸው።

መሪጌታው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ።

ጥሩወርቅ የእትዬ ጠጄ ልጅ ናት። እትዬ ጠጄ ባላቸውን ቀብረው፣ በቅዳሜ ገበያ ቅቤ እየሸጡ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጅቷ ከገጠር የተሰበሰበውን ቅቤ በአንድ አሮጌ ብስክሌት ጭና ዳገቱን ትወጣ ነበር። ጋሼ አስናቀው አንድ ቀን ከነጭነቷ ባዶ እጃቸውን የሚጋልቡ ወንዶችን አልፋ ስትሄድ አዩዋት። በማግሥቱ ከራሳቸው ሌላ ማንም ነክቶት የማያውቀውን የውድድር ብስክሌት እየገፉ እቤቷ ሄዱና «ይሄ ከእንግዲህ ያንቺ ነው፤ ለእኔ አርጅቶብኛል» አሏት። ብስክሌቱ አላረጀባቸውም ነበር። አብረው ሲለማመዱ ቆይተው፣ በሚቀጥለው ዓመት ከባሕር ዳር አንድ ክለብ ለምልመላ እንደሚመጣ ተሰማ። ውድድሩ ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ፣ በጉና ተራራ ሥር አልፎ ደብረ ታቦር የሚያልቅ ነው። ከሴቶቹ የሚወሰዱት አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ብቻ ናቸው፤ ለእነሱ ደሞዝም ትምህርትም አለ።

እትዬ ጠጄ ነገሩን በግልጽ ተናገሩ። «የኔታ፣» አሉ፤ የስፖርት መምህሩን እንደ ድጓ መምህር የኔታ የሚሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ «እኔ ደክሜያለሁ። ይሄ ከሆነላት እሰየው። ካልሆነላት ግን ዘንድሮ ደብተሯን ዘግታ ገበያውን ትረዳኛለች። ሌላ አቅም የለኝም።»

ጋሼ ሄደው የብስክሌቱን የኋላ ጎማ ገለበጡት። ቸርኬው፣ ጎማው የሚሰካበት ክብ ብረት ማለቴ ነው፣ ፍሬን ሲፍቀው ኖሮ እንደ ቂጣ ሳስቷል፤ በሽቦዎቹ ቀዳዳ ዙሪያም ተሰነጣጥቋል። «በዚህ ላይ አስቀምጬ ከጉና ሥር ቁልቁል አልለቃትም» አሉ። እንዲያ ፊታቸው ሲጠቁር አይቼ አላውቅም።

አዲስ ጎማ ለመግዛት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ። መምህራኑም ነጋዴውም አዋጣ። ከሁሉ አብልጠው የሰጡት የቆርቆሮ ነጋዴው አቶ ደሴ ናቸው፤ ሲሰጡም «ብቻ የሚያምር ይሁን፤ የከተማችን ስም ነው» ብለው ነው። የከተማው ጎረምሳ ደግሞ ስልኩን እየከፈተ ጥቁር፣ የቸርኬው ጎን ሰፊ የሆነ፣ የሚያብለጨልጭ ጎማ ያሳየናል። የእውነተኛው ዋጋ እኛ የማንደርስበት ነበር። አስመስሎ የተሠራው ግን በአቅማችን ይገኛል ተባለ።

ከጋሼ ጋር ባሕር ዳር ወረድን። ሱቁ ውስጥ ለኪሳችን የሚሆኑ ሁለት ዓይነት ጎማዎች ነበሩ። አንዱ ያ ጥቁሩ ነው፤ ሌላው ተራ፣ ብርማ፣ ሽቦው የበዛ አሉሚኒየም። እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ ወደ ጥቁሩ ሄዶ ነበር። ጋሼ ግን በሬ ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ገበሬ ሆኑ። ገበሬ የፈለገውን በሬ ቀና ብሎ አያየውም፤ ዋጋው ይሰቀልበታላ። ብርማውን ዞር ብለው ሳያዩ ጥቁሩን ያገላብጡ ጀመር።

«ጥሩ መረጡ ፋዘር» አለ ሻጩ። «ይሄ ነፋስ ይቆርጣል።»

«ልጄ፣ እኛ የምንሄደው ንፋስ መውጫ ነው። እዚያ ሰውን የሚቆርጠው ነፋሱ ነው። ይሄ ሰፊ ጎኑ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ምን ይሆናል?»

ሻጩ ሳቀ። ጋሼ ሽቦዎቹን በጥፍራቸው መቱ። ጆሮ ለሌለኝ ለእኔ እንኳን ተሰማኝ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ይላል። ጎማውን በአንድ ጣታቸው ላይ አንጠለጠሉትና ለእኔ አቀበሉኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ ብርማውን አነሡና እሱንም ሰጡኝ። ያ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ነገር ከተራው ይከብዳል!

«ሽቦው ቢበጠስ ምትኩ ይገኛል?» አሉ።

«የጥቁሩ ይታዘዛል። የዚህኛው የትም አለ።»

«መሀሉስ ተፈትቶ ግራሶው ይለወጣል?»

«የዚህኛው አዎ።»

ከዚያ ብርማውን አሽከርክረው ሽቦዎቹን መቱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ደጋግሜ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ቅዳሴ ላይ በቆሙ ሽማግሌዎች ፊት ነው የማውቀው። «አንድ ማኅበር ናቸው» አሉ።

ብርማውን ገዛን፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ስለነበር የተረፈውን በጥሩ ኮፐርቶንና በአዲስ የፍሬን ላስቲክ አዋሉት። «መሬቱን የሚነካው ኮፐርቶኑ ነው» አሉኝ፤ «በሱ የሚሰስት ሰው ለሙሽራ ካባ ገዝቶ በባዶ እግር የሚልክ ነው።»

አቶ ደሴ በስልክ ሲሰሙ ጮኹ፤ ድምፃቸው ለእኔም ደረሰኝ። «አሮጌውን ጎማ በአዲስ አሮጌ ቀየራችሁት! ከተማው ምን ይለኛል?»

«ደሴ ወንድሜ» አሉ ጋሼ፣ «ዳገቱን እግሯ ይወጣዋል። እግር ደግሞ ሱቅ አይሸጥም። ጎማ የሚመረጠው ለቁልቁለት ነው። ልጅቷ በደህና ስትገባ ያንጊዜ ስምህ ይነሣል።»

ቁልቁለት የእሳቸው ፍልስፍና ነበር። ሰው ሁሉ ሲወጣ ለመታየት ይዘጋጃል እንጂ ሲወርድ ማን እንደሚይዘው አያስብም ይሉ ነበር። ጡረታ ሲወጡ በሽኝታቸው ላይ ይህንኑ ተናግረው ርእሰ መምህሩን አስደንግጠውታል።

በውድድሩ ዋዜማ ንፋስ መውጫ ሄደን አደርን፤ እትዬ ጠጄም አብረውን ነበሩ። ብስክሌቱ ያደረው እናትና ልጅ በተኙበት ክፍል ነው። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ነፋሱ የሰውን ነጠላ ይገፋል። ተወዳዳሪዎቹ መሰለፊያው አጠገብ ይሟሟቃሉ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው የፊቱን ጎማ አንስተው አሽከረከሩትና ፍሬኑን ጨበጡ።

ጎማው አልቆመም።

እንደገና ጨበጡ። ጎማው እያፏጨ መሽከርከሩን ቀጠለ። ጋሼ ጣታቸውን በቸርኬው ጎን ላይ አሻሹና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ከዚያ ቀና ብለው እትዬ ጠጄን አዩ።

እትዬ ጠጄ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ፊታቸው በርቷል። «ለጋ ነው የኔታ» አሉ። «የገበያ አይደለም። ከራሴ ጊደር የወጣ የመጀመሪያው ነው። ልጅቱ ስትተኛ ተነሥቼ ሁለቱንም ጎማ ዙሪያውን ዳበስኳቸው። አዲስ ነገር ቅቤ ሳይነካው ለትልቅ ቀን አይወጣማ።»

ምን ይባላል? አዲስ ቀንበር ሲቀቡ፣ ሙሽራ ሲቀቡ የኖሩ እጆች ናቸው። የውድድር ብስክሌት ፍሬን የሚይዘው የቸርኬውን ጎን ጨምቆ እንደሆነ ማን ነገራቸው? ልጅቷ ግን በዚያ ፍሬን ከጉና ቁልቁል ብትለቀቅ የመጀመሪያውን ኩርባ አታልፈውም። አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ያን ጊዜ እግሬን ረገጡኝ፤ እንዴት እንዳመመኝ ዛሬም አስታውሳለሁ።

«እትዬ ጠጄ» አሉ በእርጋታ፣ «ጎማው ጠግቧል። ብረት ብዙ አይጠጣም። የተረፈ ቅቤ አለዎት?»

ሴትዮዋ ከነጠላቸው ሥር ትንሽ ቅል አወጡ።

«እንግዲያ የቀረው ለባለቤቷ ነው። ጥሩወርቅን ወደዚያ ከነፋሱ ከለል አድርገው አናቷን ይቀቡልኝ። ደህና አድርገው ይሹት፣ አይቸኩሉ። ሲጨርሱ የእኔንም ይቀቡኛል።»

እናትና ልጅ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱ። ጋሼ ወደኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ተለዋውጧል። «ስመኝ፣ እንዶድ! ሩጪ!»

ሮጥኩ። ያገኘሁትን የመጀመሪያ በር አንኳኳሁ። አንዲት ሴትዮ ልብስ ልታጥብ ተቀምጣለች፤ የተወቀጠ እንዶድ ከነውሃው ከፊቷ አለ። ምን እንዳልኳት አላውቅም፤ ብቻ ከነሣህኑ ሰጠችኝ። ጋሼ ተንበርክከው ቸርኬዎቹን ያጥቡ ጀመር፤ አረፋው እስከ ክንዳቸው ወጣ። የፍሬኑን ላስቲኮች ነቅለው ድንጋይ ላይ ፋቋቸው፤ በእንዶድ አሿቸው፤ መልሰው ገጠሟቸው። ተወዳዳሪዎች ይሰለፉ የሚለው ፊሽካ ሲነፋ የመጨረሻውን ላስቲክ እያጠበቁ ነበር።

እትዬ ጠጄ ልጃቸውን ቀብተው ሲመለሱ አረፋው መሬት ላይ ነበር። «ምን እየሠሩ ነው የኔታ?»

«የመንገዱን አቧራ ነው የማስለቅቀው። ሙሽራ ታጥባ አይደል የምትወጣ?»

እትዬ ጠጄ አረፋውን አዩ፤ ሣህኑን አዩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉላቸው። ሴትዮዋ በቅሉ የቀረውን በሙሉ በዚያ ራሰ በራ ላይ አኖሩት። እንደዚያ የተዋበ በራ በሕይወቴ አላየሁም። ከዚያ ጋሼ ጎማውን አንድ ጊዜ አሽከርክረው ፍሬኑን ጨበጡ። ቀጥ አለ። «ሂጂ» አሏት ጥሩወርቅን። ሌላ ምክር አልሰጧትም።

እኛ ከኋላ በፒካፕ ተከተልን። ዳገቱ ላይ እንዳሉት ሆነ፤ እግሯ ሥራውን ሠራ። ነፋሱ ከጎን ሲመታ አንዲት ጥቁር ጎማ የያዘች ልጅ ወደ መንገዱ ጠርዝ እየተገፋች ስትታገል አየን። ጋሼ በመስኮት ብቅ ብለው «አይዞሽ ልጄ፣ መሪሽን ላላ አድርጊው፣ አትታገይው!» አሏት፤ የእኛ ልጅ ተፎካካሪ መሆኗን ረስተውታል። ጫፉ ላይ ስንደርስ ጥሩወርቅ አምስተኛ ነበረች። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ።

እኚያ ዓለምን የማይፈሩ ሰው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉት። ማየት አቃታቸው። በእጃቸው የእኔን እጅ ያዙ፤ ቅቤው ቀልጦ በአንገታቸው ይወርዳል። ኩርባ በመጣ ቁጥር ከባርኔጣው ሥር «ያዘ?» ይሉኛል።

ጥሩወርቅ ሌሎቹ ከሩቅ ፍሬን ሲጨብጡ እሷ አትጨብጥም። ኩርባው አፍንጫዋ ሥር ሲደርስ ብቻ ትይዘዋለች፤ ጎማው አይንሸራተትም፤ አይወላገድም፤ ጎንበስ ብላ ትዞራለች።

«ያዘ» እላቸዋለሁ።

ሌላ ኩርባ። አንዷን አለፈቻት።

«ያዘ?»

«ያዘ ጋሼ።»

ደብረ ታቦር ስንገባ ሁለተኛ ነበረች። ጋሼ ባርኔጣውን ያነሡት የሰውን ጩኸት ሲሰሙ ነው። መጀመሪያ ያደረጉት ለአቶ ደሴ መደወል ነበር። «ደሴ፣ ስምህ ተነሥቷል» ብለው ዘጉት፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር በመሥራቴ የኮራሁት ኩራት ዛሬም አልወጣልኝም።

የዚያን ቀን ሸሚዝ የቅቤው እድፍ በኮሌታው እንዳለ ይለብሱት ነበር። ሌላው ለበዓል ሱፍ ሲለብስ እሳቸው እሱን ይለብሳሉ። «ጋሼ፣ እንዶድ ላምጣልዎት?» ስላቸው «ይሄስ አይለቅም፣ አትድከሚ» ይሉኛል።

ለሣልስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ጥሩወርቅ አሁን በክለቡ ውስጥ ስም ያላት ጋላቢ ናት፤ የተሻለ ብስክሌት ተሰጥቷታል። እየገፋች የመጣችው ግን ያንኑ የጋሼን ነው፤ ብርማዎቹ ጎማዎች እንዳሉ ናቸው። መሪው ላይ ያን ሸሚዝ አሰረችበት። አንዳንድ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አቶ ደሴ ተነሥተው «የፈረሰኛ ፈረስ ነው፤ ይለፍ» ሲሉ ሁሉም መንገድ ከፈተላት። ዙሪያውን ሳበችው፤ ሴቶቹም በእሳቸው ስም ሙሾ አወረዱ።

እትዬ ጠጄ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እኔ እኮ ያን ቀን እንዶዱን ሳይ ገብቶኛል» አሉኝ። «ቅቤ የሚያስለቅቅ ሌላ ምን አለ? ሥራዬ አይደል? ልጄን ልገድላት እንደነበር ገብቶኛል። እሳቸው ግን በልጄ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላዋረዱኝም። አናታቸውን ሰጡኝ። እስከ ዛሬ እንዳወቅሁ አልነገርኳቸውም፤ አሁን ምን ላድርግ?»

ያን ጊዜ ጥሩወርቅ ድንኳኑ መሀል ደርሳ ቆመች። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስታ አሽከረከረችው። ሙሾው ዝም አለ፤ የጎማው ሹክሹክታ ብቻ ተሰማ። እትዬ ጠጄ እጄን ያዙ፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጥሩወርቅ ፍሬኑን ጨበጠች።

«ያዘ?» አሉኝ እትዬ ጠጄ ከነጠላው ሥር።

«ያዘ!» አልኩ፣ ድንኳኑ ሁሉ እስኪሰማ።